ሠርገኛ ሳይመጣ በርበሬ መቀንጠስ፦ ወረርሽኝ ሲነሳ ክትባት በቀናት ውስጥ እንዲደርስ ምን ይደረግ?

ሁለት ቁጥር ልስጣችሁ፦ 79 እና 4።

ኡጋንዳ ሴፕቴምበር 20 ቀን 2022 "ሱዳን" የሚባለው የኢቦላ ዓይነት መግባቱን አወጀች። ለዚህኛው ዓይነት የተፈቀደ ክትባት አልነበረም። በሙከራ ላይ ያሉ ግን ነበሩ። ምን ዋጋ አለው፣ ፈሳሹ በጅምላ ተሠርቶ ቢቀመጥም አብዛኛው ብልቃጥ ውስጥ አልገባም፣ የሙከራው ዕቅድና ስምምነቱም ገና እየተጻፈ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ዶዞች ካምፓላ የደረሱት ዲሴምበር 8 ነው። 79 ቀን ማለት ነው። ያኔ የመጨረሻው ታማሚ ድኖ ቤቱ ገብቷል። በምርመራ ከተረጋገጡት 142 ታማሚዎች 55ቱ ደግሞ ሞተዋል። ክትባት መጣ፣ የሚከተብ ጠፋ።

ያው በሽታ በ2025 ተመለሰ። መጀመሪያ የታወቀው ታማሚ ካምፓላ ሙላጎ ሆስፒታል የሚሠራ ነርስ ነበር። ጃንዋሪ 30 ታወጀ፣ ፌብሩዋሪ 3 ክትባት መሰጠት ተጀመረ። 4 ቀን!

በመሃል ሳይንሱ ተአምር አልሠራም። የተለወጠው ሌላ ነው፦ 2,160 ዶዝ አስቀድሞ ካምፓላ ገብቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጧል፣ የሙከራው ፕሮቶኮል ተጽፏል፣ የሚከትቡት ሰዎች ሠልጥነዋል። "ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ኡጋንዳ በርበሬውን ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አስፈጭታ ነው የጠበቀችው።

ይሄን የምጽፈው በተለይ ጤና ቢሮ፣ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት፣ መድኃኒት አቅርቦት ወይም ጉምሩክ ለምትሠሩና የኅብረተሰብ ጤና ለምትማሩ ነው። ሌላውም ያንብበው። ቢያንስ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ማይክ ይዞ "በቂ ዝግጅት ተደርጓል" ሲል ምን ብሎ መጠየቅ እንዳለበት ያውቃል። ቀኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ፦ ምን ሊመጣ እንደሚችል በስም ጻፉ

"ወረርሽኝ" ብሎ መዘጋጀት አይቻልም። ስም ያስፈልጋል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚያሰጉ በሽታዎች ዝርዝር አለው፦ ኢቦላ፣ ማርበርግ፣ ላሳ፣ ኒፓ፣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት፣ ሜርስ እያለ ይቀጥላል። በ2018 "በሽታ ኤክስ" የሚል ገባበት፣ ገና ያልታወቀ ነገር ማለት ነው። ያኔ የሳቁ ነበሩ። ሁለት ዓመት አልሞላም፣ ኮቪድ መጣ።

ስሙን ስትጽፉ ዓይነቱንም ጻፉ። ኢቦላ ያው ኢቦላ ነው ብላችሁ ካለፋችሁ ተሸወዳችሁ። ኤርቬቦ የሚባለው የተፈቀደ ክትባት የሚሠራው ዛየር ለሚባለው ዓይነት ነው፤ ሱዳን ለሚባለው አይሆንም። ማርበርግም የእነሱ ዘመድ ነው፣ ግን የራሱን ክትባት ይፈልጋል። ማርበርግን እንደ ሩቅ አገር በሽታ የምናይበት ጊዜ ደግሞ አልፏል። በኖቬምበር 2025 እዚሁ ጂንካ ላይ ተረጋግጧል።

ለእያንዳንዱ በሽታ አንድ ገጽ ይበቃል። የተፈቀደ ክትባት አለው? ከሌለው በሙከራ ላይ ያለው ማን ጋ ነው? ስንት ዶዝ ብልቃጥ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል? በስንት ዲግሪ? ማን ይደወልለታል? ይቺ ገጽ ከባለ 200 ገጽ "ስትራቴጂያዊ ሰነድ" ትበልጣለች። ሰነዱን ማንም አያነበውማ።

ለበሽታ ኤክስስ ምን ይጻፋል? ቤተሰቡ ይጻፋል። የኮቪድ ክትባት የቫይረሱ የዘር ፊደል ከተነበበበት ቀን ጀምሮ በ326 ቀን የጸደቀው ሰው ከዜሮ ስላልጀመረ ነው። ሳርስ በ2003፣ ሜርስ በ2012 መጥተው ስለነበር የኮሮና ቤተሰብ ጠባይ ተጠንቷል። በ2017 የተቋቋመው ሴፒ የሚባለው የክትባት ጥምረት አሁን ይሄንኑ ወደ 100 ቀን እናውርደው እያለ ነው። መንገዱም ያው ነው፦ ከየቫይረስ ቤተሰቡ በአንዱ ላይ ክትባት ሠርቶ ማስቀመጥ፣ ዘመዱ ሲመጣ ፊደሉን ቀይሮ መጠቀም።

ወረቀቱን ዛሬ ጨርሱ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ጊዜው የሚበላው እዚህ ስለሆነ።

የዝንጀሮ ፈንጣጣን እናስታውስ፣ አሁን ኤምፖክስ የሚሉትን። ክትባቱ ነበረ፤ አውሮፓና አሜሪካ በ2022 ሕዝባቸውን ከትበውበታል። ኮንጎ ውስጥ በሽታው ሲብስ የአፍሪካ ኅብረቱ የበሽታ መከላከያ ተቋም አፍሪካ ሲዲሲ ኦገስት 13 ቀን 2024፣ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በማግሥቱ የጤና አስቸኳይ ጊዜ አወጁ። የመጀመሪያው ጭነት ኪንሻሳ የገባው ሴፕቴምበር 5፣ የመጀመሪያው ሰው የተከተበው ኦክቶበር 5 ነው። ለምን? የኮንጎ መድኃኒት ተቆጣጣሪ ለክትባቱ ፈቃድ የሰጠው በዚያው ዓመት ጁን ላይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ማረጋገጫ የመጣው ሴፕቴምበር 13 ነው፤ በተለመደው አሠራር ያ ወረቀት ሳይኖር እንደ ጋቪ (ለድሃ አገሮች ክትባት የሚከፍለው ጥምረት) እና ዩኒሴፍ ያሉት ለመግዛት እጃቸው የታሰረ ነው። ክትባት እያለ ማኅተም ጠፋ።

ስለዚህ እነዚህን አሁን ጨርሷቸው፣ በሰላሙ ቀን።

ፕሮቶኮሉን ጻፉ። ማን ይከተባል፣ ማን አይከተብም፣ ደም ስንት ጊዜ ይወሰዳል፣ የጎንዮሽ ጉዳት ማን ይመዘግባል? የከተማው ስምና የመጀመሪያው ቀን ብቻ ባዶ ይሁን። የሥነ ምግባር ኮሚቴውም አሁን ይየው፣ አሁን ይጠይቅ፣ አሁን ያስተካክል። በችግር ቀን ኮሚቴው የሚያየው ባዶ ቦታው ላይ የተሞላውን ብቻ ነው። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ደግሞ ብቻውን እንዳይጨነቅ የአፍሪካ ተቆጣጣሪዎች ከ2006 ጀምሮ አብረው የሚመረምሩበት አቫሬፍ የሚባል መድረክ አለ። ጎረቤት አገር ያየውን ፋይል ከሀ መጀመር የለባችሁም።

የማስገቢያ ፈቃዱን አትርሱ። ደረቅ በረዶ የታጨቀበት ሣጥን ቅዳሜ ማታ ቦሌ ቢያርፍ ማን ይፈርማል? ፈራሚው ለቅሶ ሄዶ ቢሆንስ? ደረቅ በረዶ ሰኞ ጠዋት ቢሮ እስኪከፈት አይጠብቅም፣ ይተናል። ቢያንስ ሦስት ሰው በፊርማ ተወክሎ፣ ስልካቸው ጉምሩክ ጠረጴዛ ላይ ይለጠፍ።

ከዚያ የካሳው ጉዳይ አለ። ማንም ማውራት አይፈልግም። በሙከራ ላይ ያለ ወይም በአስቸኳይ የተፈቀደ ክትባት የሚሰጥ አምራች "ጉዳት ቢደርስ እንዳልከሰስ" የሚል ውል ይጠይቃል። ኮቪድ ጊዜ ብዙ አገር እዚህ ላይ ተጣብቆ ቀረ። መፍትሔ ሆኖ ለ92 አገሮች ፍርድ ቤት ሳይኬድ ካሳ የሚከፈልበት አሠራር የኮቪድ ክትባትን ለአገሮች ያከፋፍል በነበረው በኮቫክስ በኩል ተዘረጋ። የእናንተ ሥራ ፍትሕና ገንዘብ ሚኒስቴርን ቀድሞ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። የውሉን ረቂቅ ቡና እየጠጡ ያንብቡት። ሰው እየሞተ የሚነበብ ውል ወይ ይዘገያል ወይ ሳይነበብ ይፈረማል።

ዶዙ ትንሽ ነው፣ ስለዚህ ቀለበት

መጀመሪያ የሚመጣው ክትባት መቼም አይበቃም። ሩዋንዳ በ2024 ማርበርግ ሲገባባት የመጀመሪያው ጭነት 700 ዶዝ ገደማ ነበር። ሴፕቴምበር 27 አወጀች፣ ኦክቶበር 6 መከተብ ጀመረች፤ በሽታው ያጠቃው በዋናነት ጤና ባለሙያዎችን ስለነበር ቅድሚያው ለእነሱ ሆነ። 66 ሰው ታሞ 15 ሞተ። ለማርበርግ ይህ ዝቅተኛ ነው፤ ከታማሚው ግማሽና ከዚያ በላይ የገደለባቸው ወረርሽኞች አሉ። ይሄ ግን በክትባቱ ብቻ አይደለም፣ ሕክምናውም ጥሩ ነበር።

ሌላው መንገድ የቀለበት ክትባት ነው። ታማሚውን ክበብ፣ የነካቸውን ከትብ፣ የነካቸው የነኳቸውን ከትብ። አዲስ ነገር አይደለም። በ1966 ናይጄሪያ ውስጥ ዊልያም ፌጊ የሚባል ሐኪም የፈንጣጣ ክትባት ቢያንሰው የፈጠረው ዘዴ ነው። እኛም አገር ዘመቻው በ1971 ተጀምሮ ኦገስት 1976 ላይ የመጨረሻው የፈንጣጣ ታማሚ ተመዘገበ። በእግርና በበቅሎ እየተሄደ፣ ታማሚ እየተፈለገ፣ ዙሪያው እየተከተበ። ጊኒ ውስጥ በ2015 የኢቦላ ክትባት የተፈተነውም በዚሁ ነው።

ቀለበቱ የሚበጠሰው ስም ዝርዝሩ ላይ ነው። ታማሚውን "ከማን ጋር ተነካካህ?" ብላችሁ አትጠይቁት። "ከማንም" ይላችኋል። ቀኑን ይዛችሁ አብራችሁት ተራመዱ። ቅዳሜ የት ነበርክ? ማን ጋ ቡና ጠጣህ? ለቅሶ ደርሰሃል? ሬሳውን ማን ገነዘ? በምን መጣህ፣ ሚኒባስ ከሆነ ከጎንህ ማን ተቀመጠ? ማታ ከማን ጋር ተኛህ፣ ልጁን ማን አቀፈው? አንድ ስም ስታገኙ ስልኩን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ምልክት ጻፉ፦ "ከመስጊዱ ጀርባ፣ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር፣ ፊት ለፊቱ ወፍጮ ቤት"። ስልክ ይጠፋል፣ ሲም ይቀየራል። ወፍጮ ቤቱ የትም አይሄድም።

ይህን የሚያደርጉት ጤና ኤክስቴንሽኖች ናቸው። ሥልጠናው ሆቴል አዳራሽ ውስጥ በፓወር ፖይንት ከሆነ በቃ ተዉት። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ ታማሚ፣ አንዱ ጠያቂ ሆነው ይለማመዱት።

ቅዝቃዜው

አንድ ጊዜ የሆነ ጤና ጣቢያ የክትባት ፍሪጅ ሲከፈት አጠገብ ቆሜ ነበር። ከብልቃጦቹ ጎን ሁለት ሚሪንዳና በላስቲክ የታሠረ ሥጋ። በሩ ላይ የተለጠፈው የሙቀት መመዝገቢያ ደግሞ ጠዋት 4፣ ማታ 4፣ ጠዋት 4፣ ማታ 4 እያለ እስከ ወሩ መጨረሻ ተሞልቷል። ወሩ ገና በ19ኛው ቀን ላይ ነበር።

ኤርቬቦ ከዜሮ በታች ከ60 እስከ 80 ዲግሪ ይፈልጋል። የጤና ጣቢያ ፍሪጅ ከ2 እስከ 8 ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ጥልቅ ማቀዝቀዣ የት የት እንዳለ ካርታ ሥሩ፦ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ፣ የእንስሳት ምርምር ማዕከል፣ ኮቪድ ጊዜ የተገዙት። ይሠራሉ ወይ ብላችሁ በስልክ አትጠይቁ፣ ሄዳችሁ ቴርሞሜትሩን እዩ። "ጀነሬተር አለን" ሲሏችሁ "ነዳጅስ?" በሉ። "ነዳጅም አለ" ካሉ "እስቲ አስነሱት"።

ተጨማሪ አንዲት ነገር። ብዙ ብልቃጥ ላይ ክብ ምልክት አለች፣ መሃሏ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን። አራት ማዕዘኑ ከክቡ ከነጣ ክትባቱ ደህና ነው። ከክቡ ጋር እኩል ከጠቆረ ወይም ከባሰ ሙቀት መትቶታል፣ አይሰጥም። በሙከራ ላይ ያሉት ግን ይህ ምልክት ላይኖራቸው ይችላል። ያኔ የምታምኑት ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ሙቀት መዝጋቢ ነው። ሣጥን የሚረከበው ሰው መዝጋቢውን ማንበብ ይችል።

ማንን ጓደኛ ማድረግ፣ ምን ያህልስ ማመን

ሁሉም አጋር ነው ይባላል፤ ሁሉም ግን አንድ ሥራ አይሠራም። ሴፒ ክትባት እንዲፈጠር ገንዘብ ያወጣል። እንደ ሴቢንና ኢያቪ ያሉ ለትርፍ ያልቆሙ ተቋማት በሙከራ ላይ ያሉትን ዶዞች ይይዛሉ፤ የሩዋንዳው ከሴቢን፣ በ2025 የኡጋንዳው ከኢያቪ ነው የመጣው። ጋቪ ይከፍላል፣ ዩኒሴፍ ይገዛል፣ ያጓጉዛል። አፍሪካ ሲዲሲ ደግሞ ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ አዲስ አበባ ነው፣ በታክሲ የሚደረስበት አጋር። ለዛየር ኢቦላ ከጃንዋሪ 2021 ጀምሮ የዓለም ክምችት አለ፤ የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍ፣ ቀይ መስቀልና ድንበር የለሽ ሐኪሞች በጋራ ይወስኑበታል። ጥያቄው በ48 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፣ ዕቃው በ7 ቀን እንዲደርስ ይታሰባል። መጠየቂያ ቅጹ ግን ያገር ነገር ይጠይቃል፦ ስንት ሰው ተጋልጧል፣ የማቀዝቀዣ አቅማችሁ ስንት ነው፣ ማን ይከትባል? ቅጹን አውርዳችሁ የሚሞላውን አሁን ሙሉ።

ጓደኛ ላይ ግን አትተኙ። ኢትዮጵያ በኮቫክስ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ የተቀበለችው ማርች 7 ቀን 2021 ነበር። ሕንድ የተመረተ አስትራዜኔካ። ሳምንታት ሳይቆዩ ሕንድ የራሷ ሰው እየሞተባት ስለነበር ወደ ውጭ መላኩን ገታች። የመጀመሪያውን ተወግቶ ሁለተኛው መቼ ይመጣል እያለ ሲጠይቅ የከረመ ሰው ያስታውሰዋል። በኦገስት 2025 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ኤምአርኤንኤ በሚባለው የክትባት ቴክኖሎጂ ላይ የሚሠሩ 22 ፕሮጀክቶችን፣ ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ አቋረጠ። ያ ገንዘብ ነገም ይኖራል ብሎ ያቀደ ሁሉ ዕቅዱን ቀደደ። ለእያንዳንዱ ሥራ ሁለተኛ ስም ይኑራችሁ።

ናሙና ስትልኩም ዓይናችሁን ግለጡ። ኢንዶኔዥያ በ2007 የወፍ ጉንፋን ናሙና አልልክም አለች፤ "እኛ ቫይረስ እንሰጣለን፣ እነሱ ክትባት ሠርተው ይሸጡልናል" ብላ። ብዙ ሰው ተቆጣት፣ እኔ ግን እውነት ነበራት ባይ ነኝ። ጭቅጭቁ በ2011 ናሙናንና ጥቅምን አንድ ላይ የሚያስር የኢንፍሉዌንዛ ስምምነት ወለደ። በ2021 መጨረሻ ደቡብ አፍሪካ ኦሚክሮንን አግኝታ ለዓለም ስትናገር ሽልማቷ የበረራ ክልከላ ሆነ። ሜይ 20 ቀን 2025 የጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት ይህን ለማስተካከል ነው የሚሞክረው፦ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት 20 በመቶው ለዓለም ጤና ድርጅት እንዲደርስ፣ ከጠቅላላ ምርቱ ቢያንስ 10 በመቶው ደግሞ በነጻ እንዲሆን። የናሙናውን ዝርዝር የሚይዘው አባሪ ግን ለብቻው ድርድር ተተወለት። ስለዚህ ዓለም እስኪስማማ አትጠብቁ። ናሙናውን ቶሎ ላኩ፣ ግን ከተፈረመ ወረቀት ጋር፦ ለምን ሥራ እንደሚውል፣ ለማን እንደማይተላለፍ፣ ክትባት ቢወጣ እኛ ምን እንደምናገኝ።

ስለ ፋብሪካ አጭር ነገር ልበል። የሰው ወርቅ አያደምቅም፣ ልክ ነው። አፍሪካ ከምትጠቀመው ክትባት 1 በመቶውን እንኳ አታመርትም፣ በ2040 60 በመቶ እናድርስ ተብሏል። ግን ሪባን ከመቁረጥ በፊት ገዢ ይፈረም። የደቡብ አፍሪካው አስፐን የኮቪድ ክትባት በራሱ ስም ለመሸጥ ፈቃድ አግኝቶ፣ ማምረቻውን አሰናድቶ፣ በ2022 አንድ ትዕዛዝ ሳይመጣለት ቀረ። ፋብሪካ በወረርሽኝ ብቻ አይኖርም። በሰላሙ ጊዜ የሕፃናት ክትባት እያመረተ ሠራተኛውን ካልያዘ፣ በችግር ቀን የምታገኙት በር ላይ የተኛ ዘበኛ ነው።

ሰውየው እጅጌውን ካልሰበሰበ

ማላዊ በሜይ 2021 ጊዜው ያለፈበት ወደ 20,000 ዶዝ የኮቪድ ክትባት አቃጥላለች። ሲመጣም ማብቂያው ቀርቦ ነበር፣ ሰውም ፈርቶ ነበር። ኮንጎ ከተቀበለችው 1.7 ሚሊዮን 1.3 ሚሊዮኑን ለሌሎች አገሮች እንዲሰጥ መልሳለች።

ስለዚህ ከእድሩ ዳኛ፣ ከቄሱ፣ ከሼኩ፣ ጉሊት ላይ ከሚሰሙት እናቶች ጋር የሚደረገው ወሬ ክትባቱ ሲመጣ አይጀመርም። አሁን፣ የኩፍኝ ዘመቻ ሲኖር ተዋወቁ። አትዋሹ። ክትባቱ በሙከራ ላይ ከሆነ "በሙከራ ላይ ነው፣ ጉዳት እንዳያደርስ ተፈትሿል፣ መከላከሉን ግን ገና እያየን ነው" በሉ። የ2025ቱ የኡጋንዳ ወረርሽኝ በ12 የተረጋገጡ ታማሚዎች ስለተዘጋ ክትባቱ ምን ያህል እንደሚከላከል ለመለካት አልበቃም። ይህን ሰው ይረዳል። ሰው የማይረዳው ትናንት "መቶ በመቶ" ተብሎ ዛሬ "ትንሽ ችግር አለው" ሲባል ነው።

ከዚያ ሞክሩት

7-1-7 የሚባል መለኪያ አለ። በሽታው ከተነሳ በ7 ቀን ማወቅ፣ በ1 ቀን ማሳወቅ፣ በ7 ቀን የመጀመሪያውን ምላሽ ማጠናቀቅ። ያለፈውን የኮሌራ ወይም የኩፍኝ ወረርሽኝ ያዙና በዚህ ለኩት፤ የት ላይ እንደተጎተተ ወዲያው ይታያል። ብዙ ጊዜ የሚጎተተው መጀመሪያዋ 7 ላይ ነው፣ ታማሚው ሦስት ክሊኒክ ዞሮ "ታይፎይድና ታይፈስ" ተብሎ መድኃኒት ሲውጥ።

ልምምዱን እሑድ ማታ አድርጉት። ሳትነግሯቸው። "ሣጥን ቦሌ አርፏል፣ 300 ዶዝ፣ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ፣ ደረቅ በረዶው 30 ሰዓት ቀርቶታል" ብላችሁ ዝርዝሩ ላይ ያለውን የመጀመሪያ ስልክ ደውሉ። "የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ማግኘት አይችሉም" ካለች፣ ሰዓቱን ጻፉና ሁለተኛውን ደውሉ።